ትምህርት ቤት ውስጥ የሞቱትን ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘክር

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ገደማ፣ በካናዳ ትምህርት ቤቶች ብርቱካናማ ልብስ ይበዛል። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች፣ መምህራኑም ጭምር፣ ደረቱ ላይ «እያንዳንዱ ልጅ ዋጋ አለው» ተብሎ የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ይመጣሉ። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ ብሎ ይውለበለባል፤ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፤ በአንዳንዱ ቦታ ከበሮ ይመታል፣ የነባር ሕዝቦች (ከመጤዎቹ በፊት የነበሩ የአገሩ ተወላጆች) አረጋውያን ተጋብዘው ያወጋሉ። ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስተምሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ስለ ቀኑ መጀመሪያ የሚሰሙት ትምህርት ቤቱ በሚልከው አጭር መልእክት ነው፦ ነገ ልጅዎ ብርቱካናማ ልብስ ይልበስ።

መልእክቱ አጭር ይሁን እንጂ ከኋላው ያለው ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ነው። ካናዳ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦቿን ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥላ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብታለች። በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የጦር ሜዳ ሙታንን የሚዘክር ትምህርት ቤት የሚያስታውሰው ሌላ ቦታ የሆነን ነገር ነው። ይህ በደል ግን የተፈጸመው በመማሪያ ክፍልና በመኝታ አዳራሽ፣ በመምህርና በሞግዚት እጅ ነው። ልጆቹን የሚያስባቸው ተቋም የጠፉበት ተቋም ራሱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ቀኑን በልብስ ብቻ አስቦ ከዋለ ዕዳውን አልከፈለም ብዬ አምናለሁ። ያኔ የተበደሉት ልጆች የተነፈጉትን ሥራ አሁን መሥራት አለበት፤ ስማቸውን መፈለግና መያዝ፣ የሆነውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ማስተማር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸሚዙ ከየት መጣ

ፊሊስ ዌብስታድ በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚኖረው የሽዌፕም ሕዝብ ተወላጅ ናቸው። ያደጉት በአያታቸው እጅ ነው። በ1973 ስድስት ዓመት እንደሞላቸው፣ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነውና አያታቸው ከተማ ወስደው አዲስ ልብስ አስመረጧቸው። ትንሿ ፊሊስ የመረጠችው የሚያብለጨልጭ ብርቱካናማ ሸሚዝ ነበር። ዊሊያምስ ሌክ ከተማ አጠገብ ወደነበረው ሴንት ጆሴፍስ ሚሽን አዳሪ ትምህርት ቤት ስትደርስ ልብሷን በሙሉ ገፈፏት፤ ሸሚዟንም ከዚያ በኋላ ለብሳው አታውቅም። በዚያ ቦታ የእኔ ማልቀስም ሆነ መኖር ለማንም ምንም አይደለም የሚል ስሜት አደረባት። አያቷም እናቷም ከእሷ በፊት እዚያው ትምህርት ቤት አሥር አሥር ዓመት አሳልፈዋል።

ወይዘሮ ዌብስታድ ይህን ለሕዝብ የተናገሩት በ2013፣ በዊሊያምስ ሌክ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች መታሰቢያ ሲዘጋጅ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 የመጀመሪያው የብርቱካናማ ሸሚዝ ቀን ታሰበ። ወሩ ታስቦበት ነው የተመረጠው፤ ልጆች ከየመንደሩ በጭነት መኪና፣ በባቡር፣ በጀልባ፣ ኋላም በትንንሽ አውሮፕላን እየተጫኑ የሚወሰዱት በዚህ ወቅት ነበር። እኛ መስከረምን የምናውቀው በአዲስ ደብተርና በአደይ አበባ ነው። እነሱ ሴፕቴምበርን የሚያውቁት መንደር ውስጥ የልጅ ድምፅ የሚጠፋበት ወር ሆኖ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ቀኑን የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ቀን ብሎ በሕግ የደነገገው በ2021 ነው። አከባበሩ ግን እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በማኒቶባ ሥራና ትምህርት የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል ነው፤ ብዙ የካናዳ ሐበሻ በሚኖርበት በኦንታሪዮ ግን ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው። ከጉዳቱ የተረፉ ሰዎች ሐዘናቸውን በነፃነት የሚያስቡበት የዕረፍት ቀን ይገባቸዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ለተማሪው ግን ክፍሉ ክፍት ቢሆን ይሻላል እላለሁ። የተዘጋ ቀን ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተያይዞ የሽርሽር ቀን ሆኖ ሊቀር ይችላል። ክፍት በሆነበት ቀን ግን አንድ መምህር ከልጆች ፊት ቆሞ «ይህ የተደረገው እንደዚህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው» ብሎ መናገር ይኖርበታል።

ትምህርት ቤት የተባለው

የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ዓላማ ከጅምሩ የተደበቀ አልነበረም። በ1883 የአገሪቱ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኤ. ማክዶናልድ ለፓርላማው ሲያስረዱ፣ ልጁ ከወላጁ ጋር ከኖረ ማንበብና መጻፍ ቢማርም አስተሳሰቡ አይለወጥም፣ ስለዚህ በተቻለ መጠን ከወላጁ ተጽዕኖ መራቅ አለበት ብለው ነበር። በ1920 የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ደንከን ካምቤል ስኮት ደግሞ ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ተውጦ ያልጠፋ አንድም ኢንዲያን እስከማይቀር ድረስ ሥራቸው እንደሚቀጥል ለፓርላማ ኮሚቴ ተናገሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ልጆቹን አስገድዶ ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ሥልጣን በሕግ ተሰጠው። ልጄን አልሰጥም ያለ ወላጅ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የአብያተ ክርስቲያናት ነበር፤ አብዛኞቹን የካቶሊክ፣ ሌሎቹን የአንግሊካን፣ የሜቶዲስትና የፕሬስቢቴሪያን፣ በኋላም የዩናይትድ ቤተ ክርስቲያን ይመሩ ነበር። ከ1892 ጀምሮ መንግሥት የሚከፍለው በተማሪ ቁጥር ነበር፤ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ተብሎ። ክፍያው ትንሽ ስለነበር ትምህርት ቤቱ ወጪውን ለመሸፈን አልጋውን መሙላት ነበረበት። ለዚህም ሲባል በሽታ የያዛቸው ልጆች ሳይቀሩ ይገቡ ነበር። ጉድለቱን የሚሞላው ደግሞ የልጆቹ ጉልበት ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ልጆቹ ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን ያርሳሉ፣ ከብት ያልባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ።

ልጅ እንደገባ ጸጉሩ ይላጫል፣ ልብሱ ይወሰዳል፣ በብዙ ቦታ ቁጥር ይሰጠዋል። የእናቱን ቋንቋ ሲናገር ከተሰማ ይቀጣል። ወንድምና እህት በአንድ ግቢ እየኖሩ እንዳይነጋገሩ ይደረጋል። ድብደባና ረሃብ የዕለት ተዕለት ነገር ነበሩ፤ ብዙዎች ላይ የወሲብ ጥቃት ተፈጽሟል። ከ1940ዎቹ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ተመራማሪዎች የልጆቹን ረሃብ ለሥነ ምግብ ጥናት ተጠቅመውበታል፤ ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ሲሉ ሆን ብለው ሳይመግቧቸው የተዉዋቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ሳነብ ከሁሉ በላይ የከበደኝ ረሃባቸው አለመደበቁ ነው። ታይቷል፣ ተለክቷል፣ ተመዝግቧል፤ የሚያበላቸው ግን አልነበረም።

የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በሳስካችዋን የነበረው የጎርደን ትምህርት ቤት የተዘጋው በ1996 ነው። ስለዚህ ከተረፉት መካከል ገና አርባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰዎች አሉ። ዛሬ ብርቱካናማ ለብሰው ከሚመጡ ተማሪዎች አንዳንዶቹ እናታቸው ወይም አባታቸው ከእነዚያ መኝታ አዳራሾች የወጡ ናቸው። መምህር ይህን ዘንግቶ «ድሮ፣ ድሮ» እያለ ቢያስተምር፣ ከፊቱ ያለችውን የአንዷን ተማሪ ቤት ሳያውቅ እያስተማረ ነው።

መርዶ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች

መንግሥት ስለ ሞቱ አላወቀም ማለት አይቻልም። የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዋና የሕክምና ተቆጣጣሪ የነበሩት ዶክተር ፒተር ብራይስ በ1907 በሜዳማው የምዕራብ ግዛት ያሉ 35 ትምህርት ቤቶችን ጎብኝተው ሪፖርት አቀረቡ። መልስ የሰጡት 15 ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ከ1,537 ተማሪዎች መካከል 24 በመቶ የሚሆኑት ሞተዋል። ዋናው ገዳይ የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ መንገዱን ያመቻቹለት ደግሞ አየር የማይገባባቸው የታጨቁ መኝታ ቤቶችና የተጎሳቆለ የልጅ ሰውነት ናቸው። ዶክተሩ መፍትሔውንም ጽፈዋል፤ ገንዘብ ይጠይቃል ተብሎ ሳይፈጸም ቀረ። በ1922፣ ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ፣ ያዩትን አሳትመው አወጡ። ብሔራዊ ወንጀል ነው አሉት። ከዚያ በኋላም ትምህርት ቤቶቹ ከ70 ዓመት በላይ ቀጥለዋል።

ልጅ ሲሞት አስከሬኑን ወደ ቤተሰቡ ለመላክ መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይከፍልም። መንደሩ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ወላጅ ደግሞ የመጓጓዣ አቅም የለውም። ስለዚህ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ይቀበራል፤ አንዳንድ ቦታ መቃብሩን የሚቆፍሩት ጓደኞቹ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የመቃብሩ ስፍራም ጠባቂ ያጣል። የእንጨት መስቀሉ ይበሰብሳል፣ ሣሩ ይበቅላል፣ መሬቱ ይሸጣል። ብዙ ወላጆች መርዶ እንኳን በወጉ አልደረሳቸውም። ልጃቸው በክረምት ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ሳይመጣ ሲቀር ለምን እንደሆነ የሚነግራቸው አላገኙም። መርዶ ያልሰማ ሰው እርሙን አያወጣም፤ ይህን የኢትዮጵያ ሰው አስረጂ አያስፈልገውም። ጦርነት ሄዶ ደብዛው የጠፋ ልጅ ያላት እናት በየሰፈራችን አለች።

የአንዳንዶቹ ሞት ሽሽት ላይ ነው። በ1937 የዘመን መለወጫ ዕለት ከሌዣክ ትምህርት ቤት፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አራት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ወደ ቤታቸው ለመሄድ አምልጠው ወጡ፤ መንደራቸው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ በብርድ ደርቀው ተገኙ። በ1966 የ12 ዓመቱ ቻኒ ዌንጃክ በኦንታሪዮ ኬኖራ አጠገብ ካለው ሴሲሊያ ጄፍሪ ትምህርት ቤት ጠፍቶ 600 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ቤቱ በባቡር ሐዲድ ላይ በእግሩ ተነሣ። ካፖርት አልነበረውም። ከቀናት በኋላ ከሐዲዱ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። መምህራኑ ቻርሊ ይሉት ነበር፤ እውነተኛ ስሙ በአደባባይ መነገር የጀመረው ብዙ ቆይቶ ነው። የእሱ ሞት ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ በይፋ ጥያቄ እንዲነሣ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ።

በ2008 የተቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፣ በነባር ሕዝቦች ተወላጁ ዳኛ መሪ ሲንክሌር ሰብሳቢነት፣ ከ6,500 በላይ ምስክሮችን ሰምቶ በ2015 ሪፖርቱን አወጣ። ያን ጊዜ መዝገብ ላይ ያገኛቸው የተማሪ ሞቶች ወደ 3,200 ይጠጉ ነበር። ከእነዚህ አንድ ሦስተኛ ለሚሆኑት ስም አልተጻፈም። ወደ ግማሽ ለሚጠጉት የሞቱበት ምክንያት የለም። አንድ አራተኛ በሚሆኑት ላይ ወንድ ይሁን ሴት እንኳን አልተመለከተም። መዝገብ ስለ ጠፋ ብቻም አይደለም፤ ከ1936 እስከ 1944 ባሉት ዓመታት መሥሪያ ቤቱ 200,000 ያህል ሰነዶችን አስወግዷል። ዛሬ በዊኒፔግ፣ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ማዕከል ከ4,100 በላይ ልጆችን በመታሰቢያ መዝገቡ ይዟል። ቁጥሩ የሚያድገው ማኅደር ሲከፈት፣ ቤተሰብም «የእኛም ልጅ አለ» ብሎ ሲመጣ ነው።

ሴት ወንድ መሆኑን ሳይጽፉ ልጅ ቀብረው ወደ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የገቡ መምህራን ነበሩ ማለት ነው።

ራዳሩ ያየውና ያላየው

ብዙ ሰው፣ ከካናዳ ውጭ ያለው በተለይ፣ ስለዚህ ጉዳይ የሰማው በሜይ 2021 ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካምሉፕስ ያለው የሽዌፕም ማኅበረሰብ የቀድሞው አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ በራዳር ተፈትሾ 215 ልጆች የተቀበሩበት የሚመስል ምልክት መገኘቱን አስታወቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በመላው አገሪቱ በሕንፃዎችና በአብያተ ክርስቲያናት ደረጃዎች ላይ የሕፃናት ጫማ ተደረደረ። በቀጣዩ ወር በሳስካችዋን የካውሴስ ማኅበረሰብ 751 ምልክት የሌላቸው መቃብሮች ማግኘቱን ተናገረ። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ወይዘሮ ዌብስታድ በተማሩበት በሴንት ጆሴፍስ ሚሽን ግቢ 93 መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች መታየታቸው ተገለጸ።

እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ዘገባዎች የሳቱት እዚህ ነውና። ከመሬት በታች የሚፈትሸው ራዳር አጥንት አያሳይም። የሚያሳየው አፈሩ አንድ ጊዜ ተቆፍሮ መመለሱን የሚጠቁም መዛባት ነው። የመዛባቱ ቅርጽ፣ ጥልቀትና አሰላለፍ፣ ከዚያም የተረፉት ሰዎች ምስክርነትና ሰነዱ አንድ ላይ ሲታዩ መቃብር ነው የሚል ግምት ይጠነክራል፤ ካልተቆፈረ ግን ግምት ነው። የካምሉፕሱ ቁጥር ራሱ በኋላ ወደ 200 ዝቅ ብሏል፤ ቦታው አልተቆፈረም። የካውሴሱ ደግሞ የታወቀ የመቃብር ስፍራ ነበር፤ የመቃብር ድንጋዮቹ በ1960ዎቹ የተነሡበት፣ ምናልባትም አዋቂዎች ያሉበት። የማኅበረሰቡ መሪ ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን «የጅምላ መቃብር አይደለም» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያቸው ግን ከ«ጅምላ መቃብር» ርዕስ ጋር መወዳደር አልቻለም። በማኒቶባ በሚገኘው ፓይን ክሪክ በ2023 ከቤተ ክርስቲያን በታች ባለ ምድር ቤት 14 ቦታዎች ተቆፍረው የሰው አጽም አልተገኘም። በተቃራኒው በዚያው ዓመት በሳስካችዋን ሌብሬ ላይ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ግቢ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሕፃን የመንጋጋ አጥንት መገኘቱ ተገልጿል።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? በራዳሩ ውጤትና በዘገባዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘው «ሁሉም ውሸት ነው» የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። የሞቱት ልጆች እርግጠኝነት ግን በራዳር ላይ አልቆመም። በመንግሥት ሰነድ፣ በቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ፣ በሐኪም ሪፖርት ላይ ነው የቆመው። በብሔራዊ ማዕከሉ መዝገብ ለካምሉፕስ ትምህርት ቤት ብቻ 51 የሞቱ ልጆች ከ2021 በፊትም ተመዝግበው ነበር፤ ራዳር ሳይጠራ። መምህር ለተማሪዎቹ ይህን ልዩነት በግልጽ ካስተማረ ክህደት የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ማጋነን ክብር የጨመረ ይመስላል እንጂ ለከሃዲው መሣሪያ ማቀበል ነው። የተረፉት ሰዎች በ70ና በ80 ዓመታቸው ኮሚሽን ፊት ቀርበው ያሰሙት ምስክርነት ተጨማሪ ማድመቂያ አያሻውም።

አጽም ለማውጣት መቆፈር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የማኅበረሰቦቹ ውሳኔ ነው። አንዳንዱ ሙታን ይረፉ ይላል፣ አንዳንዱ ልጃችንን ወደ አገሩ እንመልስ ይላል፤ በአንድ መንደር ውስጥም ሁለቱም አሉ። በአንድ ትምህርት ቤት የብዙ ብሔሮች ልጆች ስለተማሩ ውሳኔው የአንድ መንደር ብቻም አይደለም። ከውጭ ሆኖ «ቆፍራችሁ አሳዩን» ማለት ሐዘን ቤት ገብቶ አስከሬን ይገለጥልኝ እንደማለት ነው።

ክፍል ውስጥ

ኮሚሽኑ ካቀረባቸው 94 የተግባር ጥሪዎች መካከል 62ኛው የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ታሪክ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የግዴታ ትምህርት እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። ከ71ኛው እስከ 76ኛው ያሉት ስለ ጠፉ ልጆችና ስለ መቃብራቸው ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሴፕቴምበር 30 ላይ የሚያደርገው ነገር የራሱ በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የተጠየቀው ነገር ነው።

ለስድስት ዓመት ልጅ መቃብር አይነገርም። የሸሚዙ ታሪክ ግን ይበቃታል፤ የወደደችውን ልብስ መነጠቅ ምን እንደሆነ፣ እናት ማታ ስትጠፋ ምን እንደሚመስል ታውቃለችና። 14 እና 15 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች የማክዶናልድን ንግግርና የዶክተር ብራይስን ሪፖርት ራሳቸው አንብበው ቢጠይቁ ያምርባቸዋል። መደረግ የሌለበትም አለ። ልጆችን ተማሪና መነኩሲት አድርጎ ማስተወን፣ ጸጉር የመቁረጥን ትዕይንት ማሳየት ሐዘንን ጨዋታ ያደርገዋል። ክፍል ውስጥ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆነች ልጅ ካለች «አንቺስ ምን ይሰማሻል?» ብሎ በጓደኞቿ ፊት ማቆም ሌላ በደል ነው። ከጉዳቱ የተረፉ አረጋዊ ሲጋበዙ ደግሞ ለ20 ደቂቃ አናግሮ ማሰናበት አይገባም። አብሯቸው የሚመጣ ሰው፣ ተገቢ ክፍያ፣ የሚያርፉበት ክፍል፣ ስለ ማኅበረሰባቸው ሥርዓት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የተጎዱት ትምህርት ቤት ውስጥ ነውና የኮሪደሩ ደወል ራሱ ሊረብሻቸው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምመርጠው አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የብሔራዊ ማዕከሉ የመታሰቢያ መዝገብ በድረ ገጽ ላይ በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ክፍል ለራሱ ቅርብ የሆነውን የቀድሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ የማን መሬት ላይ እንደነበር፣ ልጆቹ ከየት ከየት እንደመጡ፣ መቼ እንደተዘጋ ያጠናል፤ ስሞቹን በትክክለኛ አጠራራቸው ማንበብ ይለማመዳል፤ አጠራሩን ከማኅበረሰቡ ሰዎች ይማራል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በኦክቶበርም በፌብሩዋሪም ይሠራል። ስማቸውን ትቶ ቁጥር የሰጣቸው ትምህርት ቤት ነበር፤ ስማቸውን መልሶ የሚጠራውም ትምህርት ቤት ይሁን።

አብያተ ክርስቲያናቱም ያልጨረሱት ሥራ አለባቸው። 48 አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ያስተዳደረው የካቶሊክ ኦብሌት ማኅበር ሰነዶቹን ለመክፈት ቃል የገባው በ2021 ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጁላይ 2022 አልበርታ ውስጥ ማስክዋቺስ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በመንግሥት ስም የጠየቁት በ2008 ነው። ይቅርታው ተገቢ ነበር። ለአንዲት ወንድሟን ለምትፈልግ አሮጊት ግን የቀብር መዝገቡ ቅጂ ከይቅርታው እኩል ይጠቅማታል።

ድንበሩን ተሻግሮ በአሜሪካም ተመሳሳይ ሥርዓት ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ37 ግዛቶች 417 ትምህርት ቤቶችን ቆጥሮ ቢያንስ 973 ልጆች መሞታቸውን አረጋግጧል፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2024 አሪዞና ውስጥ ይቅርታ ጠይቀዋል። በዋሽንግተንም በሚኒያፖሊስም ልጅ የሚያስተምር ሐበሻ ስለዚህ ጉዳይ የልጁን ትምህርት ቤት ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መጤውና መሐላው

እኛ ይህን በደል አልፈጸምንም፤ ያኔ እዚያ አልነበርንም። ይህን የሚሉ ወገኖችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን 93ኛውና 94ኛው የኮሚሽኑ ጥሪ በቀጥታ ስለ አዲስ መጤዎች ናቸው። በ94ኛው መሠረት ከጁን 2021 ወዲህ የካናዳ ዜግነት መሐላ ተለውጧል። ዛሬ ቀኝ እጁን አንሥቶ የሚምል ኤርትራዊም ኢትዮጵያዊም፣ የሦስቱን ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን፣ ነባርና የውል መብት የሚያረጋግጠውን ሕገ መንግሥት ጨምሮ የአገሪቱን ሕጎች እንደሚያከብር ይናገራል። ውሉ የተፈረመው በአገሬው ሕዝብና በመንግሥት መካከል ነበር፤ በመሐላው ግን እኛም ገብተንበታል። የምንኖርበት ቤት፣ ልጃችን የሚማርበት ግቢ በዚያ ውል ወይም ያለ ውል በተወሰደ መሬት ላይ ነው።

ልጃችን ብርቱካናማ ካናቴራ ስትጠይቀን የምንመልስላትም ከዚህ ይነሣል። ገዝቶ ማልበስ ቀላል ነው፤ ከተቻለ ገቢው ለነባር ሕዝቦች ከሚደርስ ሻጭ መግዛት ይሻላል። ከዚያ ማታ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ምን ነገሯችሁ?» ማለት ነው። ቋንቋን የመነጠቅ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልጆቻችን አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ እንዳይረሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሮጠው እኛ ነን። ግን አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የእኛ ልጆች ቋንቋቸውን የሚረሱት በኑሮ ግፊት ነው፣ እነሱን ያስረሳቸው ዱላ ነው። ይህን ልዩነት ልጅ በደንብ ትረዳዋለች።

ደግሞም ልጅ የመውሰዱ ነገር በ1996 አላበቃም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በካናዳ 14 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑ ልጆች የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በመንግሥት ውሳኔ ከወላጅ ተለይተው በአሳዳጊ ቤት ከሚኖሩት ግን 53.8 በመቶዎቹ እነሱ ናቸው። በልጆች ደኅንነት አገልግሎት ላይ ለተፈጸመው አድልዎ ፍርድ ቤት በ2023 ያጸደቀው የካሳ ስምምነት 23 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያልፋል። በብዙ ቤት አያት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስዳለች፣ እናት ለነጭ አሳዳጊ ተሰጥታለች፣ ልጅ አሁን በአሳዳጊ ቤት ናት። መምህር ይህን ካልነገረ መታሰቢያው ግማሽ ነው።

ቶሮንቶና አካባቢዋ ላለ ቤተሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ብራንትፎርድ ውስጥ የሞሃውክ ኢንስቲትዩት ሕንፃ ቆሟል፤ ከ1831 ጀምሮ አዳሪ ልጆችን ይዞ በ1970 የተዘጋ፣ በካናዳ ካሉት ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ። በ2013 በአካባቢው ያለው የሲክስ ኔሽንስ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ይፍረስ ወይስ ይቁም ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሕዝብ ማስረጃ ሆኖ ይቁም አለ። ከአጠገቡ ያለው የዉድላንድ የባህል ማዕከል ስለ ታሪኩ ያስተምራል፤ ከመሄድ በፊት የጉብኝት ቀኑን መጠየቅና ለሕፃናት የሚሆን መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።